ደንገል ፍለጋ ጣና ድረስ

ግቢዬ ውስጥ ትንሽ ኩሬ አስቆፍሬ ምን ልትከልበት እያልኩ ስጨነቅ ከረምኩ፣ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የሚነግረኝ የውጭ አበባ ነው፣ እኔ ደግሞ እንደ ደንገል (ፓፒረስ) ያለ የራሳችን የውሃ ዳር ተክል እያለ ለምን ብዬ በቃ ተነስቼ ባህር ዳር ሄድኩ። መንገዱን አልተርክላችሁም፣ ረጅም ነው።

ጠዋት በጀልባ ወደ አባይ መውጫ ወጣን። ሰው ሁሉ ጉማሬ ፎቶ ያነሳል፣ እኔ ዓይኔ ደንገሉ ላይ ነው። ሁለት ሰው ቢደራረብ እንኳን አናቱ ላይ አይደርስም! ጫፉ ላይ እንደተበተነ ፀጉር ነገር አለው፣ አገዳውን ስዳስሰው ደግሞ ክብ አይደለም፣ ሦስት ማዕዘን ነው።

ዳር ላይ ከደንገል ታንኳ የሚሰሩ አባት አገኘሁ። «አባባ፣ ይሄ እንዴት ነው የሚንሳፈፈው?» ስላቸው አንድ አገዳ በማጭድ ቆርጠው «እስቲ ጨመቅ አርገው» አሉኝ። ስፖንጅ በሉት፣ ውስጡ አየር ነው። ታንኳውን የሚያንሳፍፈው ይሄው አየር ነው፣ ለተክሉም ሕይወቱ ነው፣ ጭቃው ውስጥ ኦክስጅን የለም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ አየሩ ከላይ በአገዳው በኩል ወደ ስሩ ይወርዳል፣ ሌላው ተክል በሚበሰብስበት ቦታ እሱ የሚለመልመው ለዚህ ነው። ታንኳው ግን እያደር ውሃ ስለሚጠጣ ፀሐይ ላይ አቁመው ያደርቁታል።

እኔ አገዳውን ወስጄ ልተክል ነበር። «እሱማ አይሆንም ልጄ፣ ከስሩ ነው» አሉና ጭቃው ውስጥ ገብተው ቡቃያ ያለው ወፍራም ስር ቆርጠው ሰጡኝ።

ሐይቁን ስለወረረው መጤ አረም ስለ እምቦጭ ሳነሳባቸው ፊታቸው ጠቆረ። ጣና ላይ የታየው 2004 ዓ.ም አካባቢ ነው፣ ትውልዱ ደቡብ አሜሪካ፣ አበባው ደግሞ እውነት ለመናገር በጣም ያምራል፣ በዓለም ላይ የተሰራጨውም ሰው ለውበቱ ብሎ ኩሬው ውስጥ እየጨመረው ነው። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። እባካችሁ ኩሬ ያላችሁ ሰዎች እሱን አታስገቡ፣ ዝናብ አንዴ ወደ ወንዝ ከወሰደው ማን ይመልሰዋል?

ስሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ይዤው መጣሁ። ደንገል ራሱም ይስፋፋል፣ ስለዚህ ጭቃ በሞላ ባልዲ ተክዬ ፀሐይ የሚያገኘው ጥግ ላይ ከነባልዲው ውሃው ውስጥ አስቀመጥኩት። ፊላ ለትንሽ ኩሬ ይበዛል ብዬ ተውኩት። ውሃው የማይተኛበት ግን መሬቱ የሚረጥበው ዳር ላይ ቀጠማ አደረግኩ። እስካሁን ደንገሉ ሦስት ቡቃያ አውጥቷል፣ አንዱ ክንዴን አልፏል።