የአንግሊካን ደብራችንን እምነትና ተልእኮ በአማርኛ እንዴት እንደጻፍነው

በደቡብ ለንደን በሚገኝ አንድ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን (አንግሊካን) ደብር አባል ከሆንኩ ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል፤ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት በደብሩ ምክር ቤት፣ እኛ አገር ሰበካ ጉባኤ በምንለው፣ ውስጥ አገልግያለሁ። በሰፈራችን የሐበሻ ቁጥር እየበዛ ሲሄድ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ለሚሰጠው የእንግሊዝኛ ትምህርትና ለምግብ እርዳታው የሚመጡ እናቶችና ወጣቶች «ይህ ቤተ ክርስቲያን የማን ነው? የምታምኑትስ ምንድን ነው?» እያሉ ይጠይቁኝ ጀመር። ምክር ቤቱም የደብሩን ራእይ፣ ተልእኮ፣ እሴትና እምነት የያዘችውን አንዲት ገጽ ወደ አማርኛ እንድመልስ አደራ ሰጠኝ። በሁለት ሳምንት እጨርሳለሁ ብዬ የተቀበልኩት ሥራ ሰባት ወር ፈጀ። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያውን ረቂቅ በሁለት ምሽት ጨርሼው ነበር። «ራእያችን፦ ሁሉን አካታችና ሕይወት ለዋጭ የሆነ ማኅበረ ምእመናን ተፈጥሮ ማየት» ይላል መክፈቻው፤ ከሥሩ ተልእኮ፣ ከእሱ ሥር አምስት እሴቶች ተደርድረዋል። ሰዋስዉ አልተሳሳተም፤ እንዲያውም በአጻጻፌ ኮርቼ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ሻይ ስንጠጣ፣ ሰባ ዓመት ላለፋቸውና ሁላችንም እማማ ለምንላቸው እናት አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ካዳመጡኝ በኋላ «ልጄ፣ ይሄ ቀበሌ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ነው እንዴ?» አሉኝ። ሳቅን፤ ነገር ግን ልክ ነበሩ። አገር ቤት ውስጥ ራእይ፣ ተልእኮና እሴት የሚሉት ሦስት ቃላት አንድ ላይ ሲቆሙ፣ ሰው ወረፋ እየጠበቀ የሚያነበውን የመሥሪያ ቤት ሰሌዳ እንጂ የእግዚአብሔርን ቤት አያስታውሱም። እሴት የሚለው ቃልማ የባሰ ነበር፤ አብሮን የሚሠራ አንድ ወጣት ከንግድ ቤቱ ልምድ ተነሥቶ «ተጨማሪ እሴት ታክስ ነው የሚመጣብኝ» ብሎ እቅጩን ነገረኝ።

ስለዚህ የእንግሊዝኛዋን ገጽ ወደ ጎን አድርጌ ከሌላ ቦታ ጀመርኩ። የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ራሷ እምነቷን የት ላይ እንደምታስቀምጥ ብንጠይቅ፣ መልሱ ተልእኮን ከሚዘረዝር ወረቀት ይልቅ በጸሎት መጽሐፏ ይገኛል። አንድ ቄስ በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሲሾም በሚሰጠው ቃል፣ እምነቱ በቅዱሳት መጻሕፍት የተገለጠውና በጥንታውያን የሃይማኖት መግለጫዎች የተነገረው መሆኑን ይመሰክራል፤ ለዚህም እምነት ምስክር ሆነው የሚጠቀሱት በ1571 የጸደቁት 39ኙ የእምነት አንቀጾች፣ የ1662ቱ የጋራ ጸሎት መጽሐፍና የክህነት አሰጣጥ ሥርዓቱ ናቸው። ከዚህም አጠር ያለ ነገር ለሚፈልግ፣ የዓለም አንግሊካን ጳጳሳት በ1888 በላምቤዝ ጉባኤያቸው ያጸደቋቸው አራት ነጥቦች አሉ፦ ብሉይና ሐዲስ ኪዳን፣ የሐዋርያትና የኒቅያ የሃይማኖት መግለጫዎች፣ ጥምቀትና ቁርባን፣ እንዲሁም ከጥንት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው የጵጵስና ሥርዓት። ይህንን ሳነብ ሥራው ተገለበጠልኝ። እምነት በገጹ ግርጌ በትናንሽ ፊደል የሚጻፍ ማብራሪያ መሆኑ ቀርቶ መነሻ ሆነ፤ ተልእኮና ምግባር ከእሱ ተከትለው እንዲመጡ አደረግሁ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ችግር ግን ከቃላት ምርጫ የጠለቀ ነበር። ጸሎተ ሃይማኖትን፣ ማለትም የኒቅያውን የሃይማኖት መግለጫ፣ አብዛኞቹ አንባቢዎቻችን በልጅነታቸው በቃላቸው ይዘውታል፤ ስለዚህ አዲስ ትርጉም መሥራት አላስፈለገኝም፣ የሚያውቁትን ማቅረብ ብቻ ነበር። ሆኖም በደብራችን እሑድ እሑድ የሚነበበው የእንግሊዝኛው ቃል መንፈስ ቅዱስ «ከአብና ከወልድ» እንደሚወጣ ይናገራል፤ እኛ ግን «ጌታ ማሕየዊ በሚሆን ከአብ በሠረጸ» ብለን ነው ያደግነው። እማማ ይህን ሲሰሙ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «እንግዲህ እዚህ ላይ አልፈርምም» አሉ፤ ማንም ፈርሙ ያላቸው ባይኖርም።

አስተዳዳሪያችን ቄስ ነገሩን በቁም ነገር ተቀበሉት። «ከወልድ» የሚለው ቃል በ381 በቁስጥንጥንያ በተደነገገው መግለጫ ውስጥ እንዳልነበረና በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ኋላ የተጨመረ መሆኑን አስረዱን። አንግሊካኖችና፣ ኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ያለችበት የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ ቤተሰብ፣ የጋራ ኮሚሽናቸው ስለ መንፈስ ቅዱስ በ2017 ባወጣው ስምምነት ይህን ጉዳይ እንደተነጋገሩበትም ነገሩን። ከሁሉ በላይ ያስደሰተን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን አዲሱ የጸሎት መጽሐፍ ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ጋር በአንድነት ለሚደረግ ጸሎት ያለ «ከወልድ» የሚነበበውን ቃል አትሞ መያዙ ነበር። በአማርኛው ወረቀት ላይ ይኸው ገባ። በዚያው ኮሚሽን በ2014 በካይሮ የተደረሰው ስለ ክርስቶስ ማንነት የሚናገረው ስምምነት ደግሞ መለኮትና ትስብእት (ሰውነት) ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለወጥ፣ ያለ መከፋፈልና ያለ መለያየት እንደተዋሐዱ ስለሚመሰክር፣ ከኬልቄዶን ጉባኤ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት የዘለቀውን ክርክር እኔ በአንድ ገጽ ልፈታው ከመሞከር አዳነኝ። ሊቃውንቱ የተስማሙበትን ብቻ ጻፍኩ።

«ከሁሉ በላይ የምትሆን ቤተ ክርስቲያን» የሚለው የጸሎተ ሃይማኖት ሐረግ ሌላ አስተማሪ ነበር። የእንግሊዝኛው ቃል በዚያ ቦታ ካቶሊክ ስለሚል፣ አንዳንዶች ደብራችን የሮም ቤተ ክርስቲያን መስሏቸዋል፤ ሌሎች ደግሞ ጴንጤ ነው ይላሉ፤ አንድ አባት «ንጉሡ ሚስቱን ሊፈታ ያቋቋማት አይደለችምን?» ብለው ጠይቀውኛል። ይህን ጥያቄ ማድበስበስ እንደማይገባ ያኔ ገባኝ። ስለዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጨመርን፦ ሄንሪ ስምንተኛ በ1534 ከሮም ሥልጣን መለየቱን ሳንሸሽግ፣ የእንግሊዝ ክርስትና ግን ከእርሱ እጅግ የቀደመ መሆኑን፣ በ314 በዛሬዋ ፈረንሳይ በአርል ከተማ በተደረገው ጉባኤ ላይ የብሪታንያ ጳጳሳት እንደተገኙና ከሮም የተላከው መነኩሴ አውግስጢኖስ በ597 ወደ ካንተርበሪ እንደመጣ ጻፍን።

ስለ ምሥጢራት ስንደርስ የቃል ምርጫ ራሱ የእምነት ምርጫ ሆነ። «የጌታ እራት» ብጽፍ ኦርቶዶክሱ ይሸሻል፤ «ቅዱስ ቁርባን» ብጽፍ ከወንጌላውያን የመጣው ይገረማል። ሁለቱም ቃላት በጸሎት መጽሐፉ የየራሳቸው መሠረት ስላላቸው ሁለቱንም ጻፍኳቸው። 39ኙ አንቀጾች ክርስቶስ የሠራቸው ምሥጢራት ጥምቀትና ቁርባን ሁለቱ እንደሆኑ ስለሚያስተምሩ፣ ሰባቱን እንቆጥራለን ማለት አልቻልኩም፤ ክህነት፣ ተክሊልና የሕሙማን ቅብዓት በቤተ ክርስቲያኒቱ እንደሚፈጸሙ ግን አስቀመጥኩ። በሥላሴ ስም የተጠመቀ ሰው ዳግመኛ እንደማይጠመቅ በግልጽ ጻፍን፤ ይህ ለብዙ እናቶች ዋናው ስጋት ነበር። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሕግ ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናት የሚመጡ ቆራቢዎችን ቢቀበልም፣ የተዋሕዶ ሥርዓት ለልጆቿ ይህን አይፈቅድም። ስለዚህ «የራስዎን ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ማክበር ከፈለጉ እጅዎን በደረትዎ ላይ አመሳቅለው ቢቀርቡ ቄሱ ይባርኩዎታል» የሚል መስመር አስገባን። ከገጹ ሁሉ ብዙ ምስጋና ያገኘው ይህ መስመር ነው።

ስለ እመቤታችንም ተጠይቄያለሁ። አንቀጾቹ ቅዱሳንን መለመንን እንደማይቀበሉ፣ በአሠራር ግን አንግሊካኖች በዚህ ጉዳይ አንድ ዓይነት እንዳልሆኑ በእውነት ነገርኳቸው። ቀጥዬም እማማን አንድ ምሽት ወደ ሠርክ ጸሎት ይዣቸው ሄድኩ። መዘምራኑ «ነፍሴ ጌታን ታከብረዋለች» የሚለውን የማርያም ጸሎት በእንግሊዝኛ ሲዘምሩ ቃሉን አልለዩትም ነበር። በጆሯቸው ስነግራቸው ግን ዓይናቸውን ጨፍነው «ታዐብዮ ነፍስየ ለእግዚአብሔር» እያሉ እስከ መጨረሻው አብረው ደገሙት። ከዚያ ወዲህ ይህ ጥያቄ ለእኔ ሲቀርብ፣ ከማብራሪያው በፊት የሠርክ ጸሎቱን ሰዓት ነው የምናገረው።

ተልእኮን በተመለከተ የአንግሊካን ማኅበር አምስት ምልክቶች አሉት፤ በ1984 አራት ሆነው ቀረቡ፣ በ1990 አምስተኛው ተጨመረ። የመንግሥቱን ወንጌል ማብሠር፣ አዳዲስ አማኞችን ማስተማር፣ ማጥመቅና ማሳደግ፣ ለተቸገረ በፍቅር መድረስ፣ ግፍ ያለበትን የማኅበረሰብ አሠራር ለመለወጥ መታገልና ሰላምን መሻት፣ የተፈጠረውን ዓለም መጠበቅ ናቸው። ትርጉሙ ቀላል ነበር፤ የከበደኝ ታሪኩ ነው። ለሐበሻ ሚስዮን የሚለው ቃል ባዶ ቃል አይደለም። በአንድ በኩል፣ አቡ ሩሚ የተባለው ኢትዮጵያዊ መነኩሴ በካይሮ ወደ አማርኛ የመለሰውን መጽሐፍ ቅዱስ በ1820 ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የሚስዮን ማኅበር የመጣው ዊልያም ጆዌት ገዝቶ ለኅትመት መንገድ አስያዘው፤ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 ታተመ። በሌላ በኩል፣ በቤተ እስራኤል መካከል ሊሰብክ የመጣው የአንግሊካን ሚስዮናዊ ሄንሪ ስተርን ከአፄ ቴዎድሮስ ጋር ተጋጭቶ እስከ 1868 በእስር ቆይቷል። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ «የሌላውን ቤተ ክርስቲያን በግ ለመውሰድ አልተጠራንም» ብለን ጻፍን። ከምክር ቤቱ ሁለት ሰዎች ይህ የወንጌልን ሥራ ያዳክማል ብለው ተከራከሩ፤ አንድ ሙሉ ስብሰባ ፈጅቶ በድምፅ አለፈ። እኔ አሁንም የተሻለው ውሳኔ እሱ እንደሆነ አምናለሁ።

እሴቶቹን እንዴት እንዳዳንናቸው ልንገራችሁ። እማማ «የምታደርጉትን ጻፉ፣ እኛ እናውቀዋለን» ስላሉን፣ ስሞቹን ሁሉ ወደ ግሥ ቀየርናቸው። «እንግዳ ተቀባይነት» የሚለው «ማንም ሲገባ ማን ነህ ብለን ሳንጠይቅ ወንበር እናሳያለን፤ ከቅዳሴ በኋላ ሻይ አለ» ሆነ። «ማኅበራዊ ፍትሕ» የሚለው «የጥገኝነት ጉዳይ ላለበት ሰው ደብዳቤ እናነብለታለን፣ ቀጠሮ አብረነው እንሄዳለን» ሆነ። አንዱን እሴት ግን ወደ ግሥ መለወጥ አቃተን፤ ለወጣቶች ቅድሚያ እንሰጣለን ይል ነበር፣ ነገር ግን ለወጣቶች የምናደርገው ምንም ነገር አልተገኘም። አማርኛው ተመልሶ በእንግሊዝኛ ለምክር ቤቱ ሲነበብ ጸጥታ ሆነ። ያ መስመር ከሁለቱም ቋንቋዎች ወጣ፤ የእንግሊዝኛዋም ገጽ በአማርኛው አምሳል እንደገና ተጻፈች።

አንድ ነገር ደብቄ ነበር፣ በኋላም ተጸጽቼበታለሁ። አስተዳዳሪያችን ሴት ናቸው፤ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ከ1994 ጀምሮ ለሴቶች ቅስና፣ ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ጵጵስና ትሰጣለች። ይህን በረቂቁ ላይ ሳልጠቅስ «ቄሱ» እያልኩ አለፍኩት። አንድ ቤተሰብ እሑድ መጥቶ ልብሰ ተክህኖ የለበሱትን ሴት ሲያይ ደንግጦ ከመሃል ቅዳሴ ወጣ። ቢነገራቸው ኖሮ ምናልባት ላይመጡ ይችሉ ነበር፤ ሲመጡ ግን አውቀው በመጡ ነበር። በሁለተኛው ኅትመት በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ አሰፈርነው። ስለ ጋብቻም እንዲሁ፤ የቤተ ክርስቲያኒቱ ሕግ ጋብቻ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት እንደሆነ እንደሚናገር፣ ከታኅሣሥ 2023 ወዲህ ግን ለተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች የቡራኬ ጸሎት እንደተፈቀደና ይህም በዓለም አንግሊካኖች መካከል ከባድ መለያየት እንዳመጣ በሦስት መስመር ጻፍን። ተጠያቂው እስኪጠየቅ መጠበቅ ለማንም አልበጀም።

የሰዓቱን ስሕተት ግን ማንም አላየውም ነበር። ቅዳሴው ጠዋት የሚጀመረው በእንግሊዝ ሰዓት በአሥር ነው፤ እኔም «እሑድ በ10 ሰዓት» ብዬ ጻፍኩ። አንዲት አዲስ የመጣች እናት ሁለት ልጆቿን ነጭ አልብሳ በእኛ አቆጣጠር አሥር ሰዓት ላይ፣ ከቀኑ ማለት ነው፣ መጥታ የተዘጋ በር አገኘች። በማግስቱ ስልክ ደውላ «እህቴ፣ በዓል ነበር እንዴ?» ስትለኝ የማደርገው ጠፋኝ። አሁን በወረቀቱ ላይ «ጠዋት 4 ሰዓት፣ በእንግሊዝ ሰዓት 10» ተብሎ ተጽፏል። የትግርኛውን ቅጂ ባለፈው ወር ጀምረናል፤ የምትሠራው ልጅ ከሁሉ አስቀድማ የጻፈችው ይህንኑ መስመር ነው።