ጥያቄያቸውን ያሳጠርኩት እኔ ነኝ

የጠቅላላ ጉባኤ ዋዜማ ለእኔ እንቅልፍ የለውም። የቦርድ ጸሐፊ ከሆንኩ ጀምሮ እንዲህ ነው። ወንበሩ ይበቃል? ማይክሮፎኑ ይሠራል? የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ስህተት አለ? እያልኩ ስገላበጥ ይነጋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ግን ወንበርም ማይክሮፎንም አላሳሰበኝም። አዳራሽ የሚባል ነገር ራሱ አልነበረማ።

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19 ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን ያስታወቀው ማርች 11 ነው። ይህ ደግሞ የሒሳብ ዓመታቸውን በዲሴምበር መጨረሻ የሚዘጉ ኩባንያዎች ሪፖርት አዘጋጅተው፣ ባለአክሲዮኖችን ለመጥራት ሽር ጉድ የሚሉበት ወቅት ነው። እኛም መጥሪያውን ጀምረን ነበር። ቀን ሞላሁ፣ ሰዓት ሞላሁ። ቀጥሎ «ቦታ፦» ይላል። እዚያ ላይ ቆምኩ። ምን ልጻፍ? የስብሰባ ሊንክ ቦታ ነው? መተዳደሪያ ደንባችንን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ደንቡን የጻፉት ሰዎች ባለአክሲዮን ሁሉ እግር እንዳለው እንጂ ኢንተርኔት እንዳለው አላሰቡም።

ሌሎች ምን አደረጉ ብዬ ማሰስ ጀመርኩ። የአሜሪካዋ ዴላዌር ግዛት በኢንተርኔት ብቻ የሚደረግ ጉባኤን በሕግ የፈቀደችው በ2000 ነበር፤ እዚያ የተመዘገቡ ኩባንያዎች ብዙም አልተጨነቁም። ጀርመን ማርች መጨረሻ ላይ በጥድፊያ ሕግ አውጥታ፣ ደንባቸው ባይፈቅድም በኢንተርኔት ይሰብሰቡ አለች። በእንግሊዝ ይህን የሚፈቅደው ሕግ እስከ ጁን 26 ሥራ ላይ ስላልዋለ፣ ብዙ ኩባንያዎች ለምልዓተ ጉባኤ የሚያስፈልጉትን ሁለት ሰዎች ብቻ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው፣ ሌላውን «እባካችሁ አትምጡ» ብለው ጉባኤ አካሄዱ። ሁለት ሰዎች! አንዱ ሐሳብ ያቀርባል፣ ሌላው ይደግፋል፣ ጉባኤው አለቀ።

ሜይ 2 ቀን ደግሞ የአሜሪካውን ትልቅ ኩባንያ የበርክሻየር ሃታዌይን ጉባኤ በስክሪን አየሁ። በሌላው ዓመት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ኦማሃ ድረስ የሚጎርፍበት ነው። በዚያን ቀን የኩባንያው ሰብሳቢ ዋረን ቡፌት ባዶ ስታዲየም ውስጥ ተቀምጠው ያወራሉ። ከጎናቸው ምክትላቸው ቻርሊ ሙንገር የሉም፤ በርቀት ሌላው ምክትል ግሬግ ኤብል ተቀምጠዋል። የባለአክሲዮኖችን ጥያቄ በኢሜይል ተቀብላ የምታነበው አንዲት ጋዜጠኛ ናት። ጥያቄ አንባቢዋ ከኩባንያው ውጭ መሆኗን ያኔ ልብ አላልኩትም። ቆይቶ ነው የገባኝ።

እኛም በመጨረሻ አደረግነው። ለእያንዳንዱ ባለአክሲዮን መለያ ቁጥር ላክን። ውክልና የሰጠ ሰው ራሱም ቢገባ ድምፁ ሁለቴ እንዳይቆጠር ስንፈትሽ ሁለት ቀን ፈጀብን። መስመሩ የተቋረጠበት ሰው ለምልዓተ ጉባኤው ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም በሚለው ላይ ከሕግ አማካሪያችን ጋር ልንጣላ ምንም አልቀረንም።

አንድ ነገር ግን ሳናስበው ሾልኮ ሄደ። በአዳራሽ ሳለን ቀለል ያሉ ጉዳዮች የሚወሰኑት እጅ በማውጣት ነበር። እጅ ሲወጣ አርባ አክሲዮን ያለውም አርባ ሺህ ያለውም አንድ እጅ ነው። ስክሪን ላይ ሁሉም ድምፅ በአክሲዮን ብዛት ተሰላ። በሕግ ምንም ነውር የለበትም። ግን የትንንሾቹ እጅ ከዓይን ጠፋ። ደግሞም አብዛኛው ድምፅ ጉባኤው ሳይከፈት በፊት ለሰብሳቢው በውክልና ገብቷል። ውጤቱን ከዋዜማው ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ታዲያ ጉባኤው ለምን ይጠራል? ለጥያቄው ነው።

በየዓመቱ ሦስተኛው ረድፍ ዳር ላይ የሚቀመጡ አንድ አዛውንት አሉን። አክሲዮናቸው ጥቂት ነው። ሪፖርቱን ግን ከቦርድ አባላቱ በላይ ያውቁታል፤ ገጹ ሁሉ በእርሳስ ተሰምሮበታል። ተነስተው «ክቡር ሰብሳቢ፣ ማስታወሻ 14ን አውጡልኝ» ሲሉ የፋይናንስ ኃላፊያችን ፊት ይለዋወጣል። መልስ ሲሰጣቸው አይቀመጡም። «አልመለሱልኝም» ይላሉ። አዳራሹ ይስቃል፣ ያጉረመርማል፣ አንዳንዴም ያጨበጭባል። ሰብሳቢው ሳይወዱ በግድ እንደገና ይመልሳሉ።

በ2020 ጥያቄ በጽሑፍ ብቻ፣ ከጉባኤው 48 ሰዓት በፊት ይላክ አልን። የጀርመኑም ሕግ ኩባንያዎች ጥያቄ ሁለት ቀን ቀድሞ ይላክልን እንዲሉ ስለፈቀደ፣ ከሰማይ የወረደ መመሪያ ይመስል እሱን ጠቀስን። ጥያቄዎቹ ወደ እኔ መጡ። የሳቸው እንዲህ ይላል፦ «ትርፍ በቀነሰበት ዓመት የቦርድ አባላት አበል የጨመረው በምን ሒሳብ ነው? ሐሳቡን ያቀረበውስ ማነው?»

ስለ አበል ሌሎች ሦስት ሰዎችም ጽፈዋል። አራቱን አንድ ላይ አዋሃድኳቸው። «የቦርድ አባላትን አበል በተመለከተ ማብራሪያ ቢሰጥ።» ማንም አላዘዘኝም። ጊዜ ለመቆጠብ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ሰብሳቢው አነበቡት። «አበሉ በጸደቀው መመሪያ መሠረት የተከፈለ ነው» ብለው ወደሚቀጥለው አለፉ። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ማንም አላጉረመረመም፤ ሁሉም ሰው ሚዩት ላይ ነዋ። ግማሽ ቀን የሚፈጀው ጉባኤ በ70 ደቂቃ አለቀ። ሰብሳቢው «ምነው ሁልጊዜ እንዲህ በሆነ!» አሉ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ የገባውም ሰው ከየትኛውም ዓመት ይበልጣል። አራስ ሆና ልጇን ታቅፋ የተከታተለች ነበረች። ከአልጋ መነሳት የማይችሉም ነበሩ። ስለዚህ በስክሪን መሰብሰብን ላጣጥል አይደለም።

በማግስቱ ስልኬ ጠራ።

«ልጄ፣ ጥያቄዬን ሰማሁት። እንዲያ አለባብሰሽው እኔም ለጥቂት ሳላውቀው!»

«ጋሼ፣ ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ ነው።»

«ለማን ነው የቆጠብሽው?»

መልስ አልነበረኝም። ደህንነቴን፣ ቤተሰቤን ጠይቀው ዘጉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ቃለ ጉባኤው መጣ። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው በጉባኤው የተባለውን ነው፤ የተባለው ደግሞ የእኔ ዓረፍተ ነገር ነው። ያንን መለወጥ አልችልም። አባሪ ማያያዝ ግን እችላለሁ። አባሪ 1 የተሳታፊዎች ዝርዝር፣ አባሪ 2 የድምፅ ውጤት። አባሪ 3 ብዬ በጽሑፍ የደረሱንን ጥያቄዎች በሙሉ፣ ከነቀናቸውና ከነሰዓታቸው፣ አንድ ፊደል ሳልነካ አስገባሁ።

ሰብሳቢው ለመፈረም ሲያገላብጡ እዚያ ገጽ ላይ ቆሙ። «ይሄ ምንድነው?»

«የባለአክሲዮኖች ጥያቄ ነው። እንዳለ።»

የአዛውንቱን ጥያቄ እስከ መጨረሻው አነበቡት። እንዳለ ሲያዩት የመጀመሪያቸው ነበር፤ እንዲያዩት ያላደረግኩት እኔ ነኝ። ምንም አላሉም። ፈረሙ።

በቀጣዩ ዓመትም ጉባኤው በስክሪን ነበር። በዚህኛው ግን ለጥያቄ የቀጥታ ስልክ እንዲከፈት ወጥሬ ያዝኩ። መጀመሪያ የገባው መስመር ይንኳኳል፣ ያስተጋባል። «ሃሎ? ይሰማል?» የሚል ድምፅ ሦስት ጊዜ መጣ። ሰብሳቢው «ይሰማል፣ ይቀጥሉ» አሉ።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ ያለፈውን ዓመት ቃለ ጉባኤ አባሪ 3ን አውጡልኝ።»