ስፒከር በሾፓን ስፈትሽ

ሱቄ የሚመጣ ደንበኛ ሁሉ የሚለው ያው ነው፦ «እስኪ ለቀቅ አድርገው!» የሠርግ ሞንታርቦ ይሁን፣ የቤት ቴፕ ይሁን፣ የባጃጅ ስፒከር ይሁን፣ ከጮኸ ተሠርቷል ብሎ ያምናል። እኔ በጩኸት አላምንም። ጩኸት ጉድ ይሸፍናል። የሚፋጭ ኮይል፣ የደከመ ካፓሲተር፣ የላላ ብሎን፣ ሁሉም ጩኸት ውስጥ ይደበቃሉ። የሚያጋልጣቸው ዝግ ያለ ነገር ነው። ለዚህ ደግሞ የፖላንድ ሰዎች የአገራቸውን የፒያኖ ሙዚቃ ደራሲ ሾፓንን ተጫውተው ከቀዱት የተሻለ መፈተሻ እስካሁን አላገኘሁም።

ሱቋ ባሕር ዳር፣ ገበያው ጀርባ ናት። ሥራ አላጣም፤ ምስጋና ለጣና። ሐይቅ ዳር ካሉት መዝናኛዎች የሚመጣ ስፒከር አብዛኛው እርጥበት የበላው ነው። ብሎኑ ዝጓል፣ መሰኪያው አረንጓዴ አውጥቷል። አምፑን ስከፍተው የሞተ ትንኝ በብሩሽ ጠርጌ አልጨርስም።

ወደዚህ ሙዚቃ ያስገባኝ አንድ ሲዲ ማጫወቻ ነው። ባለቤቱ «አያነብም» ብሎ አስቀምጦት ሄደ፤ በዚያው ቀረ። (ጥሎ የሚጠፋ ደንበኛማ መደርደሪያዬን ሞልቶታል። ስትደውልለት «መጣሁ፣ መጣሁ» ነው።) ሌንሱን በአልኮል ጠርጌ ሳስነሳው ለካ ውስጡ ዲስክ አለ። የሾፓን የመጀመሪያው የፒያኖ ኮንቼርቶ (ፒያኖ ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወትበት ረጅም ሥራ)፣ በኢ ማይነር። ፒያኖውን የሚጫወተውም፣ ኦርኬስትራውን የሚመራውም አንድ ሰው ነው፦ ክሪስቲያን ዚመርማን።

ዚመርማን በ1956 ዛብዠ በምትባል የፖላንድ ከተማ ተወለደ። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) በ1975፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ ዋርሶ የሚካሄደውን የሾፓን ውድድር አሸነፈ። ይህ ውድድር በአምስት ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው። ከፖላንድ ልጆች አንደኛ የወጡት እስካሁን አራት ብቻ ናቸው። እኔ እጅ የገባው ዲስክ ግን ከዚያ ብዙ ቆይቶ የመጣ ነው። ሾፓን የሞተው በ1849 ስለሆነ፣ በ1999 150ኛ ዓመቱ ሲታሰብ ዚመርማን ወጣት የፖላንድ ሙዚቀኞችን አሰባስቦ አንድ ኦርኬስትራ አቋቋመ። ልምምዱን ራሱ መራ፣ ይዟቸው አገር ላገር ዞረ፣ ሁለቱንም የሾፓን ኮንቼርቶዎች ቀዳ።

ብዙ ሰው እነዚህን ኮንቼርቶዎች ሲቀዳ ኦርኬስትራው ፒያኖው እስኪገባ ጊዜ መግፊያ ነው። ዚመርማን ጋ እንደዚያ አይደለም። ቫዮሊኖቹ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው እየተሳቡ ይሄዳሉ። አንዷን ሐረግ ይዘው ይቆያሉ፣ ይለቃሉ፣ እንደገና ይይዛሉ። ፒያኖው እስኪገባ ትዕግሥት ይፈታተናል። አብሮኝ የሚሠራው ይበልጣል መጀመሪያ የሰማው ቀን «ጋሼ፣ ፒያኖ ያሉት የታለ?» አለኝ። ቆይ አልኩት። ፒያኖው ሲገባ መበየጃውን አስቀመጠ።

አንድ ቀን ከዘጌ አንድ መሪጌታ የደብራቸውን አምፕ በጀልባ ይዘው መጡ። ቅዳሴ መሃል ይጮህባቸዋል። እኔ ስበይድ እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ አገጫቸውን መቋሚያቸው ላይ ጥለው ዚመርማንን ያዳምጣሉ። ሲያበቃ «ይህንኑ ሌላ ሰው ብሎት ያውቃል?» አሉኝ። ፍላሽ ላይ የሌላው ፖላንዳዊ ፒያኒስት የራፋው ብሌሃች ቅጂ ነበረኝ፤ ያንኑ ኮንቼርቶ ከፈትኩላቸው። ብዙም አልቆዩ፣ «የፊተኛው መረግድ ነው፤ ይኸኛው ወደ ጽፋት ያደላል» አሉ። ማኅሌት የቆመ ሰው ይገባዋል። ዜማው አንድ ነው፤ በመረግድ እየተወዛወዘ በዝግታ ይባላል፣ በጽፋት ይፈጥናል፣ ጭብጨባው ይገባል። አንድ ቃል አልተለወጠም፤ ግን ሌላ ነገር ነው። እኔ ስንት ጊዜ ሰምቼ ያላልኩትን የኔታ አምፕ እየጠበቁ አሉት።

ብሌሃችን ዘልዬ አላልፈውም። በ1985 ነው የተወለደው፣ ናክዎ በምትባል ትንሽ ከተማ። የ2005ቱን የሾፓን ውድድር ሲያሸንፍ የማዙርካውን፣ የፖሎኔዙን (ሁለቱም የፖላንድ ጭፈራ ናቸው)፣ የኮንቼርቶውንና የሶናታውን ልዩ ሽልማቶችም ጠቅልሎ ወሰደ። ዳኞቹ ሁለተኛ የሚባል ሰው አልሰየሙም። ቀጥታ ወደ ሦስተኛ ሄዱ። ኮንቼርቶዎቹን ያወጣው በ2009 ነው፣ ከአምስተርዳሙ ኮንሰርትኸባው ኦርኬስትራ ጋር፣ ዬዢ ሴምኮቭ እየመራ። ጣቱ ንጹሕ ነው። አያጋንንም፣ አይለምንህም። ለእኔ ዚመርማን ይበልጥብኛል። የልቤን ልናገር ካልኩ ግን ዚመርማን አንዳንድ ቦታ ሲያበዛው ይታወቀኛል፤ ያኔ ወደ ብሌሃች እሸሻለሁ።

ለሥራ የምጠቀመው የብሌሃችን የ2007 ዲስክ ነው፣ ሃያ አራቱን ፕሬሉዶች፣ ማለትም የሾፓንን አጫጭር የፒያኖ ሥራዎች። አራተኛው አጭር ነው። ግራ እጁ ያንኑ እየደጋገመ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይወርዳል። መጨረሻው ላይ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። ጸጥታ። ከዚያ ሦስት ዝግ ያሉ ድምፆች፣ አለቀ። እኔ የምፈልገው ያቺን ጸጥታ ነው። የአምፑ ማጣሪያ ካፓሲተር ከደከመ እዚያች ቦታ ላይ «ምምም» የሚል ድምፅ ትሰማለህ። የእኛ መብራት ሃምሳ ኸርዝ ነው፤ ተጣርቶ ሲያልፍ መቶ ይሆናል፣ የምትሰማው እሱን ነው። ባለሞንታርቦው ደንበኛ በሠርግ ዘፈን መቼም አይሰማውም። ሌሊት ሰው ከተኛ በኋላ ግን ይሰማዋል፣ ከዚያ ጠዋት እኔ ጋ ይመጣል።

ሃያ አራተኛው ተቃራኒው ነው። በማዕበል ሄዶ ሄዶ በሦስት ከባድ ምቶች ያልቃል፣ ፒያኖው ግርጌ ላይ ባለችው ዝቅተኛዋ ዲ። ሠላሳ ሰባት ኸርዝ ገደማ ናት። ትንንሽ ስፒከሮች ይህን ድምፅ አያወጡትም፤ ጆሮህ ከላይኞቹ ድምፆች ገምቶ ይሞላልሃል። ደህና ዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ትልቁ ስፒከር) ግን ያወጣዋል፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ብሎን ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ኮይሉ የሚፋጭ ከሆነ ከሦስቱ ምቶች ኋላ «ኽርር» የሚል ጭራ ይከተላል። ሦስት ጊዜ ስለሚመታ ደግሞ መጠራጠር የለም።

ዚመርማንን የምወደው በሌላም ምክንያት ነው። ጠጋኝ ነው፤ የሙያ ባልደረባዬ። የራሱን ፒያኖ ይዞ ነው የሚዞረው፤ ፈትቶ የሚያስተካክለውም ራሱ ነው። ከመስከረም 11ዱ ጥቃት በኋላ ኒው ዮርክ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሙጫው ፈንጂ ፈንጂ ሸተተን ብለው ፒያኖውን እንዳጠፉበት ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ይህን ሳነብ እጄን ራሴ ላይ ነው የጫንኩት። በ2017 ያወጣው የኦስትሪያዊው ደራሲ የሹበርት ሙዚቃ ዲስክ ላይ ያለው የቁልፍ ሰሌዳ ደግሞ ራሱ የሠራው ነው። መዶሻዎቹ ጅማቱን የሚመቱበትን ቦታ ቀይሮታል፤ ድምፁ ሹበርት ያውቃቸው ወደነበሩት የድሮ ፒያኖዎች እንዲጠጋለት ነው። የቀዳውም ጃፓን፣ ካሺዋዛኪ ውስጥ ነው። ከስንት አንዴ ነው ዲስክ የሚያወጣው። ሲያወጣ ግን እንደዚህ ነው።

ፒያኖ ብቻውን ሲሰማ በደጃፌ የሚያልፍ ሰው ጎራ ብሎ «እማሆይ ናቸው?» ይላል። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ማለቱ ነው። አይደሉም እላለሁ። ግን ደግሞ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። እማሆይ በወጣትነታቸው ካይሮ ሄደው ሲማሩ ያስተማራቸው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች የሚባል ቫዮሊን ተጫዋች ነው። ፖላንዳዊ ነው። በኋላም አብሯቸው አዲስ አበባ መጥቶ የክቡር ዘበኛ ሙዚቃ ኃላፊ ሆኗል። እማሆይ በ2023 ኢየሩሳሌም ዐረፉ። ግራ እጃቸው ሲንከባለል ስሰማ ሾፓን ቤታቸው ገብቶ ይወጣ እንደነበር አልጠራጠርም። ቅኝቱ ግን የእኛ ነው።

ጆሮ ደግሞ ይታለላል። ሃሊና ቸርኒ ስቴፋንስካ የምትባል ፖላንዳዊት ነበረች፤ በ1949 የሾፓንን ውድድር አንደኛነት ከአንዲት የሶቪየት ፒያኒስት ጋር ተጋርታለች። ይህንኑ የኢ ማይነር ኮንቼርቶ ከፕራጉ የቼክ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር ቀድታዋለች። ያ ቅጂ በሆነ መንገድ ዲኑ ሊፓቲ ነው ተብሎ በሸክላ ወጣ። ሊፓቲ በ1950፣ በ33 ዓመቱ የሞተ ድንቅ ሩማንያዊ ነው። ለዓመታት ሰው የሊፓቲ ነው ብሎ ገዛው። ነገሩ የተጋለጠው በ1981 ነው። የሚገርመኝ ስህተቱ አይደለም፤ የካሴት ጽሑፍ ተቀያይሮ ስንት ጉድ አይቻለሁ። የሚገርመኝ ሴትየዋ በሕይወት እያለች፣ የራሷ ሥራ በሌላ ሰው ስም ሲሸጥ ይህን ያህል ዓመት መቆየቱ ነው።

ከፒያኖ ወጣ ልበልና፣ ያኑሽ ቫቭሮቭስኪ የሚባል ቫዮሊኒስት አለ። በ2021 ባወጣው ዲስክ ላይ የሉዶሚር ሩዢትስኪን የቫዮሊን ኮንቼርቶ ከለንደኑ ሮያል ፊልሃርሞኒክ ጋር ተጫውቶታል። ሩዢትስኪ ይህን የጻፈው በ1944 ነው፣ ዋርሶ ስትቃጠል። ከተማዋን ለቆ ሲሸሽ ወረቀቱን ሻንጣ ውስጥ አድርጎ ግቢው ውስጥ ቀበረው። ሳያየው ሞተ። ሻንጣውን ያገኙት ከጦርነቱ በኋላ ፍርስራሹን የሚያነሱ የግንባታ ሠራተኞች ናቸው። ጽሑፉ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ተቀመጠ። ከብዙ ዘመን በኋላ ቫቭሮቭስኪ አግኝቶት፣ የጎደለው ተሟልቶ፣ ተቀዳ። ቫቭሮቭስኪ የሚጫወተው በ1685 በተሠራ የስትራዲቫሪ ቫዮሊን ነው።

ታሪኩን ሳነብ ሐዘን ጠብቄ ነበር። ሙዚቃው ግን ፀሐይ ነው! ይሽኮረመማል፣ ይዘላል፣ ለፊልም የተጻፈ ይመስላል። ውጭ ተኩስ እየተሰማ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይጽፋል? ይህን ጥያቄ የጠየቅኩት ባሕር ዳር ተቀምጬ ነው፤ ስለዚህ ብዙም አልዘረዝረው። ሲመሽ ሱቁን ዘግቼ በዝቅታ እሰማዋለሁ።

የሲሌዢያ ኳርቴት የቀዳቸውን የግራዢና ባትሴቪች ሰባት ኳርቴቶችም (ለሁለት ቫዮሊን፣ ለቪዮላና ለቼሎ የተጻፉ ናቸው) በጆሮ ማዳመጫ ሞክሯቸው። ባትሴቪች ራሷ ቫዮሊኒስት ነበረች፤ የት ላይ መቧጠጥ እንዳለበት ታውቃለች። ለትዊተር፣ ቀጭኑን ድምፅ ለሚያወጣው ትንሹ ስፒከር፣ መፈተሻ ግሩም ናቸው። ይበልጣል ግን አይወዳቸውም። ድመቶች ተጣልተው ነው ይላል።

ወጣቶቹን የምሰማው በሌሊት ፓኬጅ ነው። የዋርሶው የሾፓን ተቋም የውድድሩን ቪዲዮ በነፃ ዩቲዩብ ላይ ይለቀዋል። በ1995 ክራኮቭ የተወለደው ሺሞን ኔህሪንግ አለ፤ በ2017 ቴል አቪቭ ላይ የሩቢንስታይንን ውድድር አሸንፏል። ቶማሽ ሪተር አለ፤ በሾፓን ዘመን ፒያኖዎች የሚደረገው አዲሱ ውድድር በ2018 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ አሸንፏል። የድሮ ፒያኖ ድምፁ ቶሎ ይከስማል። በሞንታርቦ ከከፈትከው ምንም ነው፤ በትንሽና ደህና ስፒከር ግን እያንዳንዱ ጣት ይለያል። ባለፈው የ2025 ውድድር አሜሪካዊው ኤሪክ ሉ አሸነፈ፤ ፒዮትር አሌክሴቪች የሚባል የፖላንድ ልጅ አምስተኛነትን ተጋራ።

የእኔ ልጅ ግን ያኩብ ኩሽሊክ ነው። በ2021 አራተኛነትን ተጋርቶ የማዙርካውን ሽልማት የወሰደው። ማዙርካ በሦስት ነው የሚመታው፤ ጉልበቱ ግን አንደኛው ምት ላይ አይቀመጥም፣ አንዴ ሁለተኛው ላይ፣ አንዴ ሦስተኛው ላይ ነው። በኖታ ብቻ የሚጫወተው ሰው ያደርቀዋል። ኩሽሊክ ምቷን ትንሽ ያዝ አድርጎ ሲለቃት ትከሻዬ ሳላዘው ይነሳል። የጎጃም ትከሻ ሦስትን ማን አስተምሮት!

ከየት ልጀምር ካላችሁ ከእሱ ጀምሩ፤ ማዙርካዎቹ አጫጭር ናቸው፣ ዳታም አይበሉም። ደህና ማዳመጫ ተዋሱ። በስልክ ስፒከር ሰምታችሁ መጥታችሁ «ሾፓን አይጥምም» ብትሉኝ ግን አልሰማችሁም።