አኩሪ አተር፣ የእንቁላል ቅርፊትና አንድ ሃይላንድ አሸዋ

ቀን ቀን ብሎኬት ማምረቻ ነው የምውለው፤ ለገጣፎ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ። ማታ ማታ ደግሞ በተከራየኋት ሰርቪስ ቤት በረንዳ ላይ ድንጋይ ለማብቀል እሞክራለሁ።

ነገሩን የጀመረልኝ የተቀቀለ እንቁላል ነው። ቁርስ ቤት ቁጭ ብዬ ስልጥ፣ ቅርፊቱ 95 በመቶ ያህሉ ካልሲየም ካርቦኔት መሆኑ ትዝ አለኝ። የኖራ ድንጋይ ማለት እኮ ነው! ሲሚንቶ ፋብሪካ ያንን ድንጋይ ከሸክላ አፈር ጋር 1,450 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ያግለዋል። ዶሮ ግን በራሷ ሙቀት፣ በ41 ዲግሪ ገደማ፣ በ20 ሰዓት ውስጥ ቅርፊቷን ገንብታ ትጨርሳለች። እሳት የለ፣ ጭስ የለ።

እኔ ዶሮ መሆን አልችልም። ዩሬዝ የሚባል ኢንዛይም፣ ማለትም ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን፣ ግን አለ። ዩሪያን ይሰባብራል፤ ከስብርባሪው ካርቦኔትና አሞኒያ የሚባል የሚሰነፍጥ ጋዝ ይወጣሉ። ካርቦኔቱ አጠገቡ ካልሲየም ካገኘ አብረው ይጠጥሩና የአሸዋ ቅንጣቶችን ያያይዛሉ። አንዳንድ የአፈር ባክቴሪያዎች የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ባክቴሪያ ማርባት ከአቅሜ በላይ ነበር፤ ዩሬዝ ግን አኩሪ አተር ውስጥም ሞልቷል። እ.ኤ.አ. በ1926 ጀምስ ሰምነር የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ኢንዛይሙን ከአኩሪ አተር የሩቅ ዘመድ ፍሬ አጥርቶ በክሪስታል መልክ አውጥቶታል፤ በ1946 ኖቤል አስገኝቶለታል። ሰውየው አንድ እጁን በልጅነቱ በአደን አደጋ ያጣ ነው። ሁለት እጅ ይዤ ማማረሬን ያቆምኩት ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው።

ዩሪያ ገበሬው አጎቴ ሰጠኝ። ቅርፊቱን ከቁርስ ቤቱ ለቀምኩ፣ አቼቶ ከሱቅ ገዛሁ። ቅርፊቱ ተፈጭቶ አቼቶ ውስጥ ሲገባ እየተንጫጫ ይሟሟል፤ የሚቀረው ካልሲየም ያለበት ውሃ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ ዜሮ ወጣ። ሳምንት ጠበቅኩ፤ አሸዋው አሸዋ ነው። በኋላ ነው የገባኝ፤ ከሱቅ የገዛሁት ለሕፃናት ገንፎ የሚሆን የተቆላ አኩሪ አተር ዱቄት ነበር። ኢንዛይም እሳት ካየ አለቀለት። የዶሮ መኖ የሚያመርቱ ሰዎች አኩሪ አተሩ በደንብ መብሰሉን የሚያረጋግጡት ዩሬዙ መሞቱን በመመርመር ነው። እነሱ እንዲሞት የሚለፉለትን እኔ በሕይወት መፈለጌ ነው።

ጥሬውን ገዝቼ ፈጨሁት፤ 50 ግራሙን በግማሽ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ዘፈዘፍኩና በአሮጌ ነጠላ አጠለልኩት። ጭማቂውን ዩሪያ ላይ ጠብ እንዳደረግኩ ብዙም ሳይቆይ ሽታው መጣ። አሞኒያ! አከራዬ ከጓሮ ብቅ አሉ።

«አንተ ልጅ፣ ድመት አስገብተሃል እንዴ?»

«የለም እትዬ፣ ሙከራዬ ሠርቶ ነው!»

«ከሠራ እንዲህ የሚሸት ከሆነ፣ ባይሠራ ይሻል ነበር» ብለው ገቡ።

ሠርቷል ያልኩት ግን ቸኩዬ ነው። ጭማቂውን፣ ዩሪያውንና የካልሲየሙን ውሃ አንድ ላይ ደባልቄ አናቱ በተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ ባለው አሸዋ ላይ ገለበጥኩት። ወዲያው ረጋ፤ አይብ ነው የሚመስለው። የአኩሪ አተር ፕሮቲን ካልሲየም ሲያገኝ ይረጋል፤ ቶፉ የሚሠራውም እንደዚሁ ነው። እርጎው ከላይ ተጋግሮ መንገዱን ዘጋ። ላዩ እንደ ቂጣ ደረቀ፤ ከሥሩ ያለው አሸዋ በጣቴ ስነካው ፈሰሰ። ብሎኬት ቤት የለመድነው ደባልቆ፣ ረግጦ፣ ቀጣዩን ማንሳት ነው። እዚህ አልሠራልኝም።

ወደ እንቁላሉ ተመለስኩ። የቅርፊቱን የውስጥ ስስ ሽፋን በጥፍሬ ስልጠው፣ ከቅርፊቱ ጋር በጥቃቅን ነጥቦች ነው የተያያዘው። ክሪስታሎቹ ማደግ የሚጀምሩት ከእነዚያ ነጥቦች ነው። ማለትም ዶሮዋ መጀመሪያ የፕሮቲን መደብ ታሰናዳለች፤ ማዕድኑ ኋላ ይመጣል። የባሕር ቀንድ አውጣዎች ቅርፊት ውስጥ ያለው የሚያብለጨልጨው ንብርም በአብዛኛው ማዕድን፣ በጥቂቱ ብቻ ፕሮቲን ነው። ያቺ ጥቂት ናት በየንብርብሩ መሃል ገብታ ከተራው ማዕድን በብዙ እጥፍ እንዳይሰበር የምታደርገው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ቀየርኩ። ጭማቂውን በውሃ አቅጥኜ መጀመሪያ ብቻውን ለአሸዋው አጠጣሁት። ሌሊቱን አሳደርኩት። ጠዋት ዩሪያና ካልሲየሙን በትንሽ በትንሹ ጨመርኩ። የአቼቶውም ነገር ነበረበት፤ ቅርፊቱ አረፋ ማውጣቱን ሳያቆም ከተጠቀምኩበት ኮምጣጣው ኢንዛይሙን ይጎዳዋል። አሁን ቅርፊት አትረፍርፌ ሦስት ቀን እተወዋለሁ። የጥቅምት ብርድም ሥራውን ያጓትታል፤ ሃይላንዶቹን ቀን ፀሐይ ላይ፣ ማታ ቤት ውስጥ አደርጋቸዋለሁ።

ስምንት ጊዜ ካጠጣሁት በኋላ ፕላስቲኩን በምላጭ ቀደድኩት። ክንድ የማያህል አመድማ ምሰሶ ቆሞ ቀረ። ጫፉን በጥፍር ብቧጭረው ጥቂት አሸዋ ረገፈ፤ ወገቡ አልነቃነቅም አለ። ባልዲ ውሃ ውስጥ አሳደርኩት፤ አልፈረሰም። ከብሎኬት ጋር ግን አይወዳደርም፤ ከክንድ ቁመት ስለቀው ለሁለት ተሰበረ። ስብራቱ ላይ በአሸዋዎቹ መሃል ነጭ ነገር ብልጭ ብልጭ ይላል። ያንን ሳይ ግማሽ ቀን ሥራ ረስቼ ነበር።

ያልፈታሁት የአሞኒያውን ነገር ነው። ምሰሶውን ያጠብኩበት ውሃ ሁሉ አሞኒየም፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሟሟ የአሞኒያ ዓይነት፣ አለበት። ጉድጓድ ውሃ የሚጠጣ ሰፈር ውስጥ ሆኜ መሬት ላይ አልደፋውም። ሁለት ጄሪካን ሞልቶ ደረጃው ሥር ተቀምጧል። እትዬ ባለፉ ቁጥር አፍንጫቸውን በነጠላቸው ይዘው «ይሄ ነገር መቼ ነው የሚወጣው?» ይሉኛል።