ለዌብሶኬት «ሁሉም ይግባ» አትበሉ

ኮምቦልቻ መጋዘን ያለውን የከባድ መኪና ሚዛን ደሴ ቢሮ ካለው ኮምፒውተር ጋር ያገናኘሁት እኔ ነኝ። መኪናው ስንት ኩንታል እንደጫነ ባለጭነቱ ሐጂ ወንበራቸው ላይ ሆነው በብሮውዘር ያያሉ፤ ለአንድ ደረሰኝ የሐረጎን ጠመዝማዛ መውረድ ቀርቷል። ሚዛኑን ማገናኘቱም ገጹን መሥራቱም አላስቸገረኝም። ገጹ በኤችቲቲፒኤስ ከተከፈተ ሰርቨሩ ክብደቱን ወደ ብሮውዘሩ የሚልክበት ክፍት መስመር፣ ዌብሶኬቱም፣ የተመሰጠረው ደብሊውኤስኤስ ይሁን፤ ያለዚያ ብሮውዘሩ ያግደዋል።

ያንገበገበኝ ፈቃዱ ነው። ገጹ በአንድ ዶሜይን፣ ክብደቱን የሚልከው ሰርቨር በሌላ ዶሜይን ነበር። ሰርቨሩ 101 (መስመሩ ተከፍቷል) መመለስ ሲገባው 403 (ተከልክሏል) ይመልሳል። ሰርቨሩን ያከራየን ድርጅት ባለሙያ ጋ ስደውል «ኮርስ ላይ ኮከብ አድርግ» አለኝ፤ ኮርስ ሰርቨሩ መልሱን የየትኞቹ ዶሜይኖች ገጾች እንዲያነቡት የሚፈቅድበት ደንብ ነው፣ ኮከብ (*) ደግሞ «ሁሉም» ማለት ነው። አደረግሁ፤ ያው 403። መልሼ ስደውል ኮከቡን በትክክል ጽፌው እንደሆነ ጠየቀኝ። አንዲት ኮከብ እንዴት ተደርጋ ትሳሳታለች?

ኮርስ ዌብሶኬትን አይመለከትም። ብሮውዘር ዌብሶኬትን ከየትኛውም ገጽ ወደየትኛውም ሰርቨር እንዲከፈት ይተወዋል፤ ገጹ ከየት እንደመጣ ኦሪጅን በሚባለው መስመር ይናገራል እንጂ አይከለክልም። ፍላሽ በሚባለው የድሮ የብሮውዘር ተጨማሪ ዘመን ፍላሹ ራሱ በፖርት 843 የፈቃድ ፋይል ይጠይቅ ነበር። አሁን በር ጠባቂው ሰርቨሩ ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የዌብሶኬት ደንብ፣ አርኤፍሲ 6455፣ ይህንኑ ይላል።

ባለሙያው በመጨረሻ «እንግዲያው የኦሪጅን ፍተሻውን አጥፋው» አለኝ። ሳጠፋው ሠራ። «ይኸው፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» አለ። እኔ ግን አላመንሁትም። በሌላ አድራሻ አንድ ባዶ ገጽ ሠርቼ ሐጂ በገቡበት ብሮውዘር ከፈትሁት። የሰሌዳ ቁጥር፣ የሹፌር ስም፣ ክብደት፣ ሁሉም ተንዠቀዠቀ! በሁለቱ ዶሜይኖች መካከል እንዲሠራ ኩኪውን (ብሮውዘሩ የሚይዘውን የመግቢያ ምልክት) «ሴምሳይት ኖን»፣ ማለትም ከሌላ ዶሜይን ገጽም እንዲላክ፣ ስላደረግነው፣ ባዕዱ ገጽ የሐጂን መግቢያ ተከናንቦ ገባ። ሐጂ መነጽራቸውን አውልቀው «ታዲያ ነጋዴው ሁሉ ጭነቴን ያያል ማለት ነው?» አሉ። «አዎ ሐጂ፤ እርስዎ በገቡበት ብሮውዘር የእሱን ገጽ ከከፈቱለት ያያል» አልኋቸው።

ስለዚህ ፍተሻውን መልሱት፤ የተፈቀዱትን አድራሻዎችም አንድ በአንድ ጻፉ። ፊደል በፊደል መመሳሰል አለበት፦ ኤችቲቲፒኤሱ፣ ዳብሊው ዳብሊው ዳብሊው ካለው እሱም፣ ፖርቱም ከተለመደው ከተለየ ጭምር። መጨረሻ ላይ እዝባር አይገባም፤ የእኛን 403 ያመጣችው ያቺ እዝባር ነበረች። ኦሪጅን ብቻውንም አይበቃም፤ ከብሮውዘር ውጭ ያለ ፕሮግራም እንዳሻው ሊጽፈው ይችላል። በኩኪ ፋንታ ጊዜው ቶሎ የሚያልፍበት ቶክን (የመግቢያ ኮድ) ስጡና በመጀመሪያው መልእክት ተቀበሉ። ድርጅቱ ይህን ትርፍ ድካም ይለዋል፤ እኔ ግዴታ ነው እላለሁ።

መኪና በሌለበት ሰዓት ግንኙነቱ ከተቋረጠ ፈቃዱን አትነካኩ። በብሮውዘሩና በሰርቨሩ መካከል ያለው አስተላላፊ ፕሮግራም፣ ኤንጂንኤክስ፣ 60 ሰከንድ ሙሉ ምንም ካልደረሰው ስለሚዘጋው ነው፤ በየ30 ሰከንዱ ፒንግ (መስመሩ እንዳለ የሚያሳውቅ አጭር መልእክት) ይላክለት።