«የበጋ ጎማ» ሲሉኝ የገባኝና እውነቱ

ይህን የምጽፈው በቁጭት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ኅዳር ላይ፣ አንድ ሰው «ይህን ጎማ በውርጭ እንዳታንቀሳቅሰው» ብሎኝ ቢሆን ኖሮ ከሺህ ዶላር በላይ ገንዘቤና ግማሽ የውድድር ዘመኔ ይተርፉኝ ነበር። ሰሞኑን ደግሞ እዚሁ ሜሪላንድ ያሉ ሁለት ልጆች ስለ ጎማ ደውለው ጠየቁኝ። ሁለቱም ሊገዙ ያሰቡት በቅናሽ ነው፣ ሁለቱም ጋራዥ የላቸውም። ያኔ የነበርኩበት ቦታ ላይ ናቸው ማለት ነው።

አውቶክሮስ ለማያውቀው፦ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ላይ በፕላስቲክ ኮኖች ጠመዝማዛ መንገድ ይሠራል፤ መኪኖች አንድ በአንድ ይገባሉ፤ ሽቅድድሙ ከሰዓት ጋር ነው። አንዱ ዙር አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይፈጃል፤ አንድ ኮን የገጨ 2 ሰከንድ ይጨመርበታል። ሞተር አያሸንፍበትም፤ ከሁለተኛ ማርሽ ብዙም አትወጣም። የሚያሸንፈው እጅህና ጎማህ ነው። መኪናዬ የ2013 ስካዮን ኤፍአር-ኤስ ናት፣ ያገለገለች። ምዝገባው ቀላል ነው፣ ሄልሜት ያውሱሃል፣ የመጀመሪያ ቀን አጠገብህ ተቀምጦ የሚያስተምርህ ሰው ይሰጡሃል። በዚህ ላይ የምለው የለኝም፤ ሁሉም ያለ ችግር አለቀ።

የመጀመሪያውን ዓመት በነበረው ጎማ ነዳሁ። ይህቺን መኪና ፋብሪካው ያወጣት 215/45አር17 (የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው) በሆነ ሚሽሊን ፕራይመሲ ነው። ለጸጥታና ለምቾት የተሠራ ጎማ ነው። እኔ ስገዛትም ያንኑ ዓይነት ነበር ያጠለቀችው። ጎማው ከመንሸራተቱ በፊት ይጮኻል፤ ሲጮህ እግርህን ታነሳለህ፤ በዚያ ጩኸት መንዳት ተማርኩ። ስለዚህ ሁሉም የሚሉትን እኔም እላለሁ፦ የመጀመሪያውን ዓመት ጎማ አትግዛ።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው።

ጎማ ፍለጋ ስትጀምር የምታገኘው መጀመሪያ ነገር 200 የሚል ቁጥር ነው። በኤስሲሲኤ (የአሜሪካ ስፖርት መኪና ክለብ) ደንብ፣ ብዙ ያልተቀየሩ መኪኖች በሚገቡበት በስትሪት ምድብ ለመወዳደር የጎማው ትሬድዌር ቁጥር ቢያንስ 200 መሆን አለበት። ቁጥሩ በአሜሪካ መንግሥት የአመዳደብ ሥርዓት መሠረት ጎማው ጎን ላይ የሚታተም ሲሆን፣ 100 ከተሰጠው ማወዳደሪያ ጎማ ጋር ሲነጻጸር ጥርሱ ምን ያህል እንደሚቆይ ያመለክታል። ሙከራው ቴክሳስ ውስጥ ሳን አንጄሎ አካባቢ 7,200 ማይል በመንዳት ይደረጋል፤ ቁጥሩን የሚሰጠው ግን ራሱ አምራቹ ነው። ጎማው አስፋልቱን ስለ መቆንጠጡ የሚናገረው ነገር የለም። ስለ ብርድም የሚናገረው ነገር የለም። እኔ ግን ለሳምንታት 200 የተጻፈባቸውን ጎማዎች ብቻ በሰንጠረዥ እየደረደርኩ ዋጋ ሳወዳድር ነበር። አሁን ሳስበው ያ ጊዜ ያናድደኛል።

ኅዳር መጨረሻ ላይ አንድ ሱቅ ቅናሽ አወጣ። በ225/45አር17 አራት ጎማ፣ ከነማስገቢያውና ከነባላንሱ 1,060 ዶላር ከፈልኩ። የጎማውን ስም አልጠራም፤ ጎማው ጥፋት አልነበረበትም። የተመረተበትን ቀን አየሁ። ጎኑ ላይ ካለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አሃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይነግሩሃል፤ 1223 ከሆነ የ2023 12ኛ ሳምንት ማለት ነው። የኔዎቹ ትኩስ ነበሩ። ሻጩ ቁልፉን ሲመልስልኝ «የበጋ ጎማ ነው፣ በረዶ ላይ እንዳትነዳው» አለኝ። እሺ አልኩት። በረዶ ላይ የመንዳት ሐሳብ አልነበረኝም፤ ለሥራ የምነዳት ሌላ መኪና አለችኝ። ኤፍአር-ኤሷን አፓርትመንቱ ማቆሚያ ላይ፣ ከነአዲሱ ጎማዋ፣ ሸፍኜ አቆምኳት።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። በኛ ቋንቋ በጋ የክረምት ተቃራኒ ነው፣ ክረምት ደግሞ ዝናብ ነው። ጥር በጋ ነው። የካቲት በጋ ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው «የበጋ ጎማ» ሲባል በጆሮው የሚሰማው «የደረቅ መንገድ ጎማ» ነው፤ እኔም የሰማሁት ያንን ነው። በረዶው መሬት ላይ ከሌለ፣ አስፋልቱ ደረቅ ከሆነ፣ ምንም የለም ብዬ ደመደምኩ። እነሱ በጋ የሚሉት ግን ስለ ዝናብ አይደለም፤ የበጋ ጎማ ዝናብ ላይ በደንብ ይነዳል። ነገሩ ስለ ሙቀት ነው። የዚህ ጎማ ላስቲክ ቅይጥ ሲሞቅ እንደ ማስቲካ አስፋልቱን ይይዛል፤ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፤ በጣም ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይሰባበራል። አምራቾቹ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ መንዳት ቀርቶ መኪናውን ማንከባለል እንኳ ይከለክላሉ። በረዶ ይኑርም አይኑርም። ሻጩ «በረዶ» ባለኝ ፋንታ «ብርድ» ብሎኝ ቢሆን ምናልባት እጠይቀው ነበር። ዛሬም ድረስ በዚያ ቃል ምክንያት እናደድበታለሁ፣ ደግሞም ባለመጠየቄ በራሴ እናደዳለሁ።

የከተራ ዕለት ነው። ሌሊቱን በረዶ ጥሎ ነበር፤ ማለዳ ላይ የአፓርትመንቱ አስተዳደር በየበሩ ወረቀት ለጠፈ፦ ጠራጊው መኪና ስለሚገባ ሁሉም እስከ 9 ሰዓት ወዲያኛው ረድፍ ይሂድ፣ ያልሄደ ተጎትቶ ይነሳል። ሙቀቱ ከዜሮ በታች 11 ዲግሪ ነበር። ጎማዎቹ ዙሪያ ያለውን በረዶ በአካፋ ጠረግሁ፣ ሞተሩን አሞቅኩ። ሞተር ይሞቃል፤ ጎማ ግን ቆሞ አይሞቅም። ጠባብ ቦታ ስለነበር መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዤ ወደ ኋላ፣ እንደገና ጠምዝዤ ወደ ፊት፣ ሦስት አራት ጊዜ አመላለስኩ። ከዚያ 60 ሜትር ያህል ነድቼ አቆምኩ። ማታ ጠራጊው ሲጨርስ በዚያው መንገድ መለስኳት። በጠቅላላው ይህ ነው። በማግስቱ ነጠላዬን ለብሼ ጥምቀት ሄድኩ፣ ስለ ጎማ አንድም ጊዜ አላሰብኩም።

መጋቢት ላይ፣ የዘመኑ የመጀመሪያ ውድድር ቀን፣ ገና በማለዳ ወደ ምርመራ ተሰለፍኩ። ምርመራ የሚያደርጉት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ የጎማ ብሎን፣ ባትሪ፣ ፍሬን፣ ጎማ ያያሉ። የኔው ተረኛ ሽማግሌ ሰውዬ ነበር። የፊቱን ግራ ጎማ በመዳፉ አንድ ጊዜ ዳበሰና ተንበረከከ። ጥፍሩን በጥርሶቹ ሥር ሲያስገባ አየሁት። ጥርሶቹ ከጎማው አካል ጋር በሚገናኙበት ቦታ፣ ትከሻው ላይ፣ ዙሪያውን ቀጫጭን ስንጥቅ ነበረ። አንዱ ጋ የበቆሎ ፍሬ የሚያህል ላስቲክ ወድቋል። «የት አሳደርከው?» ብቻ ነው ያለኝ። ውጭ አልኩት። ራሱን ነቀነቀና «ይህ ዛሬ አይገባም» አለ።

ተከራከርኩት። አየር አያስወጣም፣ ጥርሱ ሙሉ ነው፣ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ሳልወዳደርበት አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ሰውዬው ትክክል ነበርና ስለዚያ አዝናለሁ። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ላይ ጥርሱ ተገንጥሎ ኮን የሚያነሳ ሰው ሊመታ እንደሚችል ነገረኝ። የከፈልኩት አልተመለሰም። ተራዬ ሲደርስ ኮን ሳነሳ ዋልኩና፣ በቀስታ ወደ ቤት ነዳሁ።

ከዚያ ዋስትናው። ሱቁ ወደ አምራቹ ላከኝ፤ አምራቹ ፎቶ ጠየቀ፤ ፎቶ ላክሁ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ «የአየር ጠባይ ጉዳት በዋስትና አይሸፈንም» የሚል ሁለት መስመር መጣ። ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ያው ሻጭ «በረዶ ላይ እንዳትነዳው ነግሬህ ነበር» አለኝ። 60 ሜትር ብቻ ነው ያንቀሳቀስኳት፣ የሰነጠቀው በረዶው ሳይሆን ብርዱ ነው ብል ልዩነቱ አልገባውም። ክሩስኮት ውስጥ ያስገባኋትን ትንሽ የዋስትና ደብተር ስገልጥ ማስጠንቀቂያው በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። አለ፤ ልክድ አልችልም። ነገር ግን ኅዳር ላይ የበጋ ጎማ በቅናሽ የሚሸጥ ሰው ያቺን አንዲት መስመር በቃሉ መናገር ግዴታው መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። የጀማሪዎች መመሪያ የሚያዘጋጁትም እንደዚሁ። ያነበብኩት መመሪያ ስለ ጫማ ዓይነት አንድ አንቀጽ አለው፤ ስለ ብርድና ጎማ አንድ ቃል የለውም።

አዲስ አበባ ጎሚስታ የሆነ አጎት አለኝ፤ ዕድሜውን በሙሉ ከጎማ ጋር የኖረ ሰው ነው። ደውዬ ነገርኩት።

«ምስማር ወጋው?»

«አልወጋውም ጋሼ።»

«ጥርሱ አልቋል?»

«አዲስ ነው።»

«ታዲያ በምን ተሰነጠቀ?»

«በብርድ።»

ዝም አለ። ቆይቶ «ስትመጣ አንዱን ቁራጭ አምጣልኝ፣ ልየው» አለኝ። እሱ ካላወቀው እኔ ባላውቀው አይፈረድብኝም ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ቀለለኝ።

ሁለተኛውን ግዢ በሚያዝያ አደረግሁ። በዚህ ጊዜ የጠየቅሁት ጥያቄ ሌላ ነበር፦ ይህ ጎማ በስንት ዲግሪ ነው ሥራ የሚጀምረው? አንድ ዙር ከአንድ ደቂቃ በታች ነው፤ ለረጅም ዙር ውድድር የተሠራ ጎማ ገና ሳይሞቅ አንተ ጨርሰሃል። 200 ከሚሉት መካከል ወዲያው የሚቆነጥጡት ጥቂት ናቸው። ዮኮሃማ አድቫን ኤ052 ከመጀመሪያዋ ኩርባ ጀምሮ ይይዛል፣ ዝናብም ላይ ጎበዝ ነው፤ ግን ቶሎ ያልቃል፣ ሁለት ሰው በአንድ መኪና ሲፈራረቅበት ከመጠን በላይ ስለሚሞቅ ሰዎች የአትክልት መርጫ ይዘው ውኃ ይረጩበታል። ብሪጅስቶን ፖቴንዛ አርኢ-71አርኤስ ትንሽ የበለጠ ይቆያል። እኔ ብቻዬን ስለምነዳና በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ መግዛት ስለምፈልግ ብሪጅስቶኑን ወሰድኩ፣ በዚያው በ225/45አር17። ከፋብሪካው መጠን ቁመቱ የሚበልጠው 9 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ማርሹ ረዝሞ ስትነሳ አያዘገይህም። ፈጣኖቹ ልጆች «245 አስገባ» ይሉሃል። ቸርኬው 7 ኢንች ነው፣ በስትሪት ምድብ ስፋቱን መቀየር አይፈቀድም። በጠባብ ቸርኬ ላይ የተወጠረ ሰፊ ጎማ መሪው ላይ ዘግይቶ ነው የሚመልስልህ። ለጀማሪ የመሪው ስሜት በሰፊ ጎማ ከሚገኝ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ይበልጣል፤ በዚህ ሐሳቤን አልቀይርም።

ነባሮቹ የሚሉትን ሌላም ነገር አልቀበልም። «ጥርስ የቀረው ያገለገለ ጎማ ለጀማሪ ይበቃዋል» ይላሉ፣ ርካሽም ይሸጡልሃል። ጥርሱ ይኖራል፤ ላስቲኩ ግን ሞቆ እየቀዘቀዘ፣ ሞቆ እየቀዘቀዘ ደርቋል። የት እንዳሳደሩትም አታውቅም።

አየሩን በተመለከተ በሩ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ለመንገድ ነው፤ ለኮን አይሆንም። እኔ ከፊት 38 ከኋላ 36 ፒኤስአይ እጀምርና፣ የጎማው ትከሻ ላይ ጠመኔ ቀብቼ እነዳለሁ። ትከሻው ላይ ትንሿ ሦስት ማዕዘን ምልክት አለች፤ ጠመኔው እስከዚያች ከጠፋ ልክ ነው፣ ካለፈ ጨምር፣ ካልደረሰ ቀንስ። በበኩሌ ፊቱ 35 አካባቢ ያርፋል። የፊቶቹ ውጫዊ ትከሻ ቀድሞ ስለሚበላ በየሁለት ውድድሩ ከኋለኞቹ ጋር አፈራርቃቸዋለሁ።

በዚያ ጎማ የመጀመሪያ ቀን የሆነውን በኩራት ነው የምናገረው። አንድ የማዝዳ ሚያታ ነጂ አለ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ ከ3 ሰከንድ በላይ ይቀድመኝ ነበር። በዚያ ቀን ልዩነታችን 1.2 ሰከንድ ሆነ። ጎማው አልጮኸም፤ ዝም ብሎ ያዘ። በፕራይመሲው ጩኸት ባልማር ኖሮ ዝምታው ግራ ያጋባኝ ነበር።

አሁን ኅዳር ሲገባ አራቱን አወርዳለሁ፣ አጥቤ በጥቁር ከረጢት አስሬ መኝታ ክፍሌ ውስጥ፣ ከማሞቂያው ርቄ አቆማቸዋለሁ። ባለቤቴ ተስማምታለች፤ ያንን ደረሰኝ አይታለች። ድንገት ብርድ ያገኛቸው ጎማዎች ካሉህ ሳታንቀሳቅሳቸው ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ቢያንስ 24 ሰዓት አሳድራቸው፣ በቀጥታ እሳት አታሙቃቸው፣ ከመግጠምህ በፊት ጥርሶቹን ሥር ሥራቸውን በጣትህ ዳብስ።

ከደወሉልኝ ልጆች አንዱ ትናንት ተመልሶ ደወለ። ጎማውን ገዝቶታል፣ ከነቸርኬው ሱቁ ውስጥ ተቀምጧል፣ ትንሿ መኪናው አራቱን አትችልም። ኤፍአር-ኤስ የኋላ ወንበሯ ሲታጠፍ አራት ጎማ ከነቸርኬው ትይዛለች፤ ሲሠሯትም ይህን አስበው ነው። ቅዳሜ አብረን ሄደን እናመጣቸዋለን። ትንበያው 9 ዲግሪ ይላል፤ ከዜሮ በላይ።