እንዚራው ነው ወይስ እኔ ነኝ

ሐምሌ ተጋምሷል፣ ዝናቡ አያባራም፣ ፍልሰታ ልትገባ ነው፤ እኔ ደግሞ በገና መደርደር ሰልችቶኛል። እንዲህ ተጽፎ ሲታይ ደስ አይልም። ክራር የሰለቸው ሰው ሰለቸኝ ብሎ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል፤ ማንም አይገረምም። ኳስ የሰለቸው በጉልበቱ ያሳብባል። በገና ግን የጸሎት ዕቃ ነውና፣ ሰለቸኝ ስትል የሰለቸህ ሌላ ነገር ይመስላል። የሚሰማህ ሰው ሁሉ ወዲያው ፈተና ነው፣ ስገድ፣ ጠበል ግባ ይልሃል። ትክክል ሊሆን ይችላል። እሱን ወገን ለንስሐ አባት ልተወው።

ነገር ግን ጉዳዩን በሙሉ ወደ ነፍስ ከመላክ በፊት የዕቃውን ወገን ማየት አይከፋም። በገና እንጨት፣ ቆዳና የበግ አንጀት ነው። ሦስቱም ክረምትን አይወዱም።

የገበቴው፣ ማለትም የድምፅ ሣጥኑ፣ ፊት የተለበጠበት ቆዳ እርጥበት ሲያገኝ ይላላል። ቆዳው ሲላላ ላዩ ላይ የተቀመጠው በርኩማ (አውታሮቹን የሚሸከመው እንጨት) በአውታሮቹ ጫና ትንሽ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። በርኩማው ሲሰምጥ አውታሮቹ ላዩ ላይ የሚያርፉበት ማዕዘን ይለወጣል፤ ያኔ በዓቢይ ጾም ልክ የነበረው እንዚራ፣ ከየአውታሩ ሥር ያለው ቁራጭ ቆዳ፣ ሁሉ ልኩን ያጣል። ደርዳሪው ይህን ተከታታይ ነገር አያየውም። የሚሰማው የመጨረሻው ብቻ ነው፤ ድምፁ ሞቷል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ "ድሮም እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም" ነው። መቼም ታውቁታላችሁ።

እንዚራ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙው መሰልቸት የሚጀምረው እዚያ ይመስለኛል። በእያንዳንዱ አውታርና በበርኩማው መካከል የምትገባ ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ናት፤ ለአሥር አውታር አሥር እንዚራ። ሥራዋ አውታሩን ከበርኩማው ፊት ፀጉር በምታህል ክፍተት ከፍ ማድረግ ነው። አውታሩ ሲመታ ያንን ክፍተት እየዘጋና እየከፈተ የበርኩማውን ጠርዝ ደጋግሞ ይነካል። ያ የሚነዝረው፣ ከሩቅ የሚያስታውቀው የበገና ድምፅ የሚወጣው ከዚያ ነው። እንዚራዋ ወደ አንዱ ወገን ከበዛች አውታሩ ጠርዙን አይነካም፤ ንጹሕ ግን አጭር የክራር ዓይነት ድምፅ ይሰጣል። ወደ ሌላው ወገን ከበዛች አውታሩ በርኩማው ላይ ይተኛና ይታፈናል። ልኳ በሁለቱ መካከል ያለች ጠባብ ቦታ ናት፤ የምትገኘውም በጥፍር ጫፍ ገፋ፣ መለስ እያደረጉ ነው።

ቅደም ተከተሉ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መጀመሪያ አሥሩንም አውታር በግምት መቃኘት ነው፤ ላላ ባለ አውታር ላይ የተስተካከለ እንዚራ፣ አውታሩ ሲከር እንደገና ይበላሻል። ቀጥሎ ከወፍራሙ አውታር ጀምሮ እንዚራዎቹን አንድ በአንድ ማስተካከል። ከዚያ ቅኝቱን ማጥራት፤ ቆዳዋ ስትንቀሳቀስ ቅኝቱም በጥቂቱ ይነቃነቃልና። በመጨረሻ እንዚራዎቹን አንድ ዙር መነካካት። ሲሞከር ደግሞ አውታሩን መዝሙር ላይ በሚመታበት ኃይል ብቻ መምታት ያስፈልጋል። በኃይል ከተመታ የማይነዝር አውታር የለም፤ መዝሙሩ ሲጀመር ግን ዝም ይላል፤ ደርዳሪውም ሳያውቀው ድምፅ ፍለጋ እየጠነከረ ይመታል፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጣቱ ይዝላል።

ቆዳዋም ታረጃለች። ላብና አቧራ ጠጥታ የደረቀች እንዚራ ቆርቆሮ የሚመስል ድምፅ ታመጣለች። አገላብጦ መሞከር ይቻላል፤ ካልሆነ አዲስ መቁረጥ ነው። ሁሉም ከአንድ ቆዳ ቢቆረጡ ይሻላል፤ ውፍረታቸው ከተለያየ አንዱ አውታር ሲጮህ ሌላው ያንሾካሹካል። አውታሩ ራሱም በዚያው በሚነካካበት ቦታ ይበላል። የሚያምረው ንዝረት አንጀቱን ቀስ በቀስ ይፍቀዋል፤ መጀመሪያ ይከካል፣ ከዚያ ጾሙ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው ይበጠሳል። ሲከካ የታየ አውታር ከላይ በቀንበሩ (አውታሮቹ በሚታሰሩበት አግዳሚ እንጨት) በኩል ጥቂት ቢሳብ ጠርዙ ላይ የሚያርፈው ያልተነካ ቦታ ይሆናል፤ ዕድሜውም ይረዝማል።

ክረምት ላይ በገናን ከሰል አጠገብ የሚያቆም ሰው አለ። አይሆንም። ቆዳው በአንድ ወገን ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ ስፌቱም ይሳባል። ከግድግዳው ራቅ አድርጎ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ማቆም ይበቃዋል። ውጭ አገር ያሉት ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው ችግራቸው፤ ማሞቂያው ክፍሉን ያደርቀዋል፣ ቆዳው ይከራል፣ አንጀቱ ይሰባበራል። ብዙዎቹ ወደ ናይለን የሄዱት ወደው አይመስለኝም። ናይለን ቅኝቱን ይይዛል፤ ድምፁ ላይ ግን አልከራከርም፤ ክርክሩ ማለቂያ የለውም።

ይህን ሁሉ በኮርስ የሚያስተምር ጥቂት ነው። የበገና ደርዳሪው መጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ በልጅነታቸው የተማሩት ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ነው፤ መምህሩ ጎን እየተቀመጡ። እንደዚያ የተማረ ሰው ከመዝሙሩ ጋር አውታር ሲተካ፣ እንዚራ ሲቆረጥ ያያል። አሁን በየሰንበት ትምህርት ቤቱና በየማሠልጠኛው በጥቂት ወራት ብዙ መዝሙር ይሸመደዳል፤ ቅኝቱንና እንዚራውን ግን መምህሩ ክፍል ከመጀመሩ በፊት እየዞረ ያስተካክላል። ተማሪው ሲመረቅ የተስተካከለ በገና ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ በገናው ዝም ይላል። ተመራቂው የሚጠረጥረው ራሱን ነው።

ቅኝት ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በገና የሚቃኘው ለደርዳሪው ጉሮሮ ነው፤ ዝቅ ብሎ፣ ከንግግር ብዙም ሳይርቅ ለሚወጣ ድምፅ። ሰው ግን መምህሩ በቃኘበት ከፍታ ለዓመታት ይቆያል። መምህሩ ሌላ ጉሮሮ ነበራቸው። ከፍ ያለ ቅኝት ይዞ የሚደረድር ሰው ሦስተኛው አዝማች ላይ አንገቱ ይገታተራል፤ ሰውነቱ የሚያስታውሰውም ያንን ጭንቅ ነው፤ በማግሥቱ በገናው ፊት ለመቀመጥ ሰበብ ያበዛል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። መጀመሪያ ያለ በገና፣ ጠዋት በሚናገሩበት ድምፅ የመዝሙሩን የመጀመሪያ ስንኝ ማለት፤ ከዚያ አውታሩን ወደዚያ ማውረድ። ትዝታ ላይም ሆነ አንቺሆዬ ላይ ለውጥ የለውም። የስልክ መቃኛ እዚህ ላይ አያምኑትም፤ ንዝረቱ ያደናግረዋል፣ አንዴ ከላይ አንዴ ከታች ይዘላል። የስልክ ድምፅ ማጉያም እንዲሁ ነው። የወፍራሙን አውታር ዝቅተኛ ድምፅ ማውጣት አይችልም፤ የሚያሰማው ከላይ ያለውን ንዝረት ብቻ ነው። ቀን ሙሉ በስልክ በገና ሲሰማ የዋለ ጆሮ፣ ማታ እውነተኛው በገና ሲከፈት ደብዛዛ ሆኖ ቢያገኘው አይፈረድበትም።

እጅም አለ። የግራ እጅ ጣት አውታሩን መትቶ በአየር ላይ አይቀርም፤ ቀጥሎ ባለው አውታር ላይ ያርፋል። ከአሥሩ ውስጥ የሚመቱት ብዙ ጊዜ ስድስት ናቸው፤ 1ኛው፣ 3ኛው፣ 4ኛው፣ 6ኛው፣ 8ኛውና 10ኛው። 2ኛው፣ 5ኛው፣ 7ኛውና 9ኛው የጣት ማረፊያ ናቸው። በጣቱ ሳይሆን በድህንጻ (በመምቻ) የሚመታ ሰው ሌላ ነው፤ እሱ አሥሩንም ይጠቀማል። ጣት ሲደክም መጀመሪያ የሚተወው ማረፉን ነው። መትቶ ይበራል፣ ተመልሶ ቦታውን ይፈልጋል፣ ይዘገያል። አድማጩ ይህን ስህተት ብሎ አይለየውም፤ ለዛ የለውም ነው የሚለው። ደርዳሪውም እንደዚያው። አንድ ሰሞን መዝሙር ትቶ ድርደራውን ብቻ፣ በግማሽ ፍጥነት፣ እያንዳንዱን ማረፊያ እየነኩ ቢሄዱ ይመለሳል። በየቀኑ ሩብ ሰዓት ይበቃል፤ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ሙሉ ከመቀመጥ በጣም ይሻላል። የወንበሩን ቁመትም ማሰብ ነው፤ በርጩማው ከፍ ካለ ትከሻ ይነሣል፣ አንጓ ይታጠፋል፣ ሕመሙ ከዚያ ነው።

ደግሞ የዘመን መቁጠሪያው። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በእነዚያ ቀናት በገና የያዘ ሰው አይተኛም። ጉባኤ አለ፣ ቀረጻ አለ፣ የማኅበር ጽዋ አለ፣ "አንድ መዝሙር ብቻ" የሚሉ ዘመዶች አሉ። ድሮ እንዲህ አልነበረም። አዝማሪው በመሰንቆው ሲያድር፣ በገና የመኳንንትና የካህናት የቤት ዕቃ ነበር። አፄ ቴዎድሮስም እቴጌ ጣይቱም ይደረድሩ ነበር ይባላል፤ ማን ነው እነሱን ለሰኞ ማታ ፕሮግራም የሚይዛቸው? ለራስ ብቻ የሚደረደር ዕቃ ሕዝብ ፊት ሲወጣ የሚያደክመው ሥራው ብዙ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ጆሮህ አውታሩን ትቶ የሰዉን ፊት ማዳመጥ ይጀምራል። ከፋሲካ በኋላ በገናን ሸፍኖ ማኖርን እንደ ስንፍና የሚያዩ አሉ፤ እኔ ግን ልማዱ ራሱ ያኖረው ዕረፍት ነው እላለሁ። የሚሸፈን ከሆነ አውታሮቹን ትንሽ ማላላት ነው፤ በርኩማው በቆዳው ላይ ወራት ሙሉ ተጭኖ አይክረም።

እሺ፣ ይህ ሁሉ ተስተካከለ እንበል። እንዚራው ልኩን አገኘ፣ ቅኝቱ ወረደ፣ ጣቱ አረፈ፣ ጾሙ አለፈ። ከዚያ በኋላም ቢሰለችስ?

የበገና ድርደራ መቼም ያው በያው ነው። አንድ ዑደት ከመዝሙሩ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ይሽከረከራል፤ የሚለወጠው ቃሉ ነው። ይህን የሚያህል ድግግሞሽ ያለው ዕቃ ላይ "ድግግሞሽ ሰለቸኝ" ማለት ያስቃል። ሆኖም ሁለት ዓይነት ድግግሞሽ እንዳለ ጣት ያውቃል። በአንደኛው ድርደራው ይዞህ ይሄዳል፣ አንተ ቃሉ ላይ ነህ። በሌላኛው አንተ ድርደራውን እየጎተትክ ቃሉ ከሩቅ ይሰማል። በሁለቱ መካከል የእጅ ለውጥ የለም። ቢቀረጹ አንድ ናቸው። ታዲያ ልዩነቱ የት ነው የተቀመጠው? አንዲት ወዳጄ ግጥሙ ላይ ነው ትላለች፤ የምታውቀውን መዝሙር ለዓመት ተወውና ቃሉን ብቻ እንደ ዳዊት ድገመው፣ ከዚያ ወደ አውታር መልሰው ትላለች። ደህና ምክር ነው። እኔ ግን ልቤ ወደ ማረፊያዎቹ ሄዷል።

እነዚያ አራቱ። አሥሩ አውታሮች በአሥርቱ ትእዛዛት ይመሰላሉ፤ አራቱ ግን በጣት አይመቱም። ድምፅ አይጠበቅባቸውም፣ ማንም አያዳምጣቸውም፣ ሲበጠሱ ግን ድርደራው ሁሉ ይናጋል፤ ጣቱ መትቶ የሚያርፍበት ያጣል። እንዚራ አላቸው፣ መቃኛ አላቸው፣ ክረምት ሲገባም እንደ ስድስቱ ይላላሉ። ሰው ግን ጊዜ ሲያጥረው የሚያስተካክለው ስድስቱን ብቻ ነው፤ ከላይ ስለ እንዚራ ስጽፍ "ካልቸኮላችሁ አሥሩንም" ልል ነበር፣ ረሳሁት። ምናልባት ማረፊያው ከላላ ጣቱ ይሰምጣል፣ ከሰመጠ ለመነሣት ይዘገያል፣ ከዘገየ ድርደራውን መጎተት ይጀምራል። ወይም ደግሞ ይህ የክረምት ፍልስፍና ነው።

የእኔ 7ኛው ተከክቷል። የአንጀት አውታር ደግሞ በዚህ ወራት ማግኘት ከባድ ነው፤ ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም። ማንም የማይመታውን አውታር በናይለን ብተካውስ? ድምፁ አይሰማም። ግን ጣት ከአንጀት ተነሥቶ ናይለን ላይ ሲያርፍ አያውቅም?